ኢኤል84 ለምን ደጋግሞ ይቃጠላል? የቫልቭ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ችግርና መፍትሄ

የቫልቭ ሬዲዮ፣ ማለትም ድምፁን አየር በሌላቸው የመስታወት ቱቦዎች (ቫልቮች) የሚያጎላ አሮጌ ሬዲዮ፣ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «ቫልቩ ተቃጥሏል፤ በምን ልተካው?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በጠረጴዛዬ ላይ ካለፉት ሬዲዮዎች በብዙዎቹ ቫልቩ፣ በተለይም ድምፁን ለስፒከሩ የሚያጎላው ኢኤል84፣ የተጎዳው በሌላ ዕቃ ጥፋት ነበር። ያንን ዕቃ ሳይነኩ አዲስ ቫልቭ መሰካት ሁለተኛውን ቫልቭ ለዚያው ዕጣ መዳረግ ነው። ይህ ጽሑፍ ፊውዝ ማየት፣ የቫልቩን እግሮችና ሶኬቱን ማጽዳት፣ የቮልቴጅ መምረጫው 220 ላይ መሆኑን ማረጋገጥ ለሚያውቅ ሰው የተዘጋጀ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ለሚያውቀውም እደግማለሁ። ሬዲዮው ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ የማጣሪያ ካፓሲተሮች ከ250 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ በሬዚስተር አራግፈው፣ በመልቲሜትር ለክተው፣ ዜሮ መሆኑን በዓይንዎ አይተው ብቻ እጅዎን ያስገቡ።

ከመተካት በፊት ስሙን ማንበብ

በአውሮፓ ቫልቮች ስም የመጀመሪያዋ ፊደል የፊላመንቱን (ቫልቩን የሚያሞቀውን ሽቦ) ዓይነት ትናገራለች። «ኢ» ማለት 6.3 ቮልት ሲሆን ፊላመንቶቹ ጎን ለጎን ይገናኛሉ። «ዩ» 100 ሚሊአምፔር፣ «ፒ» ደግሞ 300 ሚሊአምፔር ሲሆኑ ፊላመንቶቻቸው እንደ ሰንሰለት ተከታትለው ይያያዛሉ። ስለዚህ ዩሲኤች81 እና ኢሲኤች81 የእግራቸው አደራደር አንድ ቢሆንም አንዱ ሌላውን አይተካም፤ የመጀመሪያው 19 ቮልት ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ግን 6.3 ቮልት ብቻ ነው። በ«ዩ» ሬዲዮ አንዱ ፊላመንት ከተበጠሰ ሁሉም ይጠፋሉና አምስቱንም ቫልቭ ከመግዛት ይልቅ እያንዳንዱን አውጥቶ ከእግር 4 እስከ እግር 5 በኦም መለካት ይበቃል። እነዚህ ሬዲዮዎች ትራንስፎርመር ስለሌላቸው ከመብራቱ መስመር አንዱ ሽቦ በቀጥታ ከሻሲው (ዕቃዎቹ ከተገጠሙበት የብረት መደብ) ጋር የተገናኘ ነው። ያለ መለያ (ከመብራቱ መስመር የሚነጥል) ትራንስፎርመር አይክፈቷቸው፤ ጉብታው ወልቆ ብረቱ ብቻ የቀረ ማዞሪያ ካላቸውም ልጅ ባለበት ቤት አያብሯቸው።

በ«ዲ» የሚጀምሩት የባትሪ ሬዲዮ ቫልቮች ናቸው። ዲኤፍ91 ለፊላመንቱ 50 ሚሊአምፔር ሲወስድ ዲኤፍ96 የሚወስደው 25 ብቻ ስለሆነ ቁጥሮቹ ተቀራረቡ ተብሎ አይቀላቀሉም።

የአሜሪካ ስም ያለው ቫልቭ ካገኙ 6ቢኪው5 ኢኤል84 ነው፤ 12ኤኤክስ7 ኢሲሲ83 ነው፤ 6ኤጄ8 ኢሲኤች81 ነው፤ 6ቪ4 ደግሞ ኢዜድ80 ነው። የሶቭየት ኅብረቱ 6ፒ14ፒ በኢኤል84 ቦታ በደንብ ይሠራል፤ እኔም ያለ ሥጋት እጠቀምበታለሁ።

ሬዲዮው ከሞቀ በኋላ ድምፁ ይሰባበራል፤ ኢኤል84 ውስጡ ቀልቶ ይታያል

ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ብልሽት ይህ ነው። ሬዲዮው ሲከፈት ደህና ይዘፍናል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ድምፁ እየጎረነነ፣ እየተሰባበረ ይሄዳል። ክፍሉን አጨልመው ቢመለከቱ የኢኤል84 አኖድ፣ ማለትም ግራጫው የብረት ሳጥን፣ በጎኑ ላይ እንደ ፍም የቀላ መስመር ያወጣል። ባለቤቱ ቫልቭ ይገዛል፣ ለጥቂት ወራት ይሠራለታል፣ ከዚያ ያው ይደገማል።

ጥፋቱ የቫልቩ አይደለም። ከፊቱ ካለው ቫልቭ፣ ብዙ ጊዜ ከኢኤቢሲ80፣ ድምፁን ወደ ኢኤል84 ግሪድ (ጅረቱን ወደሚቆጣጠረው ሽቦ) የምታሻግር አንዲት ትንሽ ካፓሲተር አለች። ሥራዋ ድምፁን ማሳለፍና ቀጥተኛውን ቮልቴጅ ማገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት እንዲህ ያሉ ካፓሲተሮች ብዙዎቹ ወረቀት በሰም ወይም በሬንጅ የታሸገባቸው ስለሆኑ ባለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት እርጥበት ጠጥተው ማፍሰስ ጀምረዋል። ሒሳቡን እንመልከት። የኢኤቢሲ80 አኖድ 90 ቮልት ቢኖረው፣ የኢኤል84 የግሪድ ሬዚስተር 1 ሜጋኦም ቢሆንና ካፓሲተሯ 10 ሜጋኦም ያህል ብቻ ብታፈስ፣ ግሪዱ ላይ 8 ቮልት ያህል ፖዘቲቭ ይመጣል። ኢኤል84 በ250 ቮልት በትክክል እንዲሠራ ግሪዱ ከካቶዱ (ኤሌክትሮን ከሚያመነጨው ክፍል) በ7.3 ቮልት ዝቅ ማለት አለበትና ያቺ ጥቃቅን ፍሳሽ ልጓሙን ሙሉ በሙሉ ታወልቅለታለች ማለት ነው።

ብዙ ጠጋኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ካፓሲተሯን ነቅለው በመልቲሜትሩ የኦም መለኪያ ይሞክሯትና «ደህና ናት» ይላሉ። መልቲሜትሩ የሚሰጣት ጥቂት ቮልት ብቻ ነው፤ እርሷ የምታፈሰው ግን 90 ቮልት ሲጫናት፣ ያውም ስትሞቅ ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ እንዳለች ይለኩ። ድምፁን እስከ መጨረሻ ይቀንሱ፣ ጥቁሩን ገመድ ከሻሲው ጋር ያገናኙ፣ ቀዩን በኢኤል84 እግር 2 (ግሪዱ) ላይ አድርገው ሃያ ደቂቃ ይጠብቁ። በዜሮ መቆየት አለበት። ካቶዱ በቀጥታ ከሻሲ ጋር በተገናኘባቸው አንዳንድ የጀርመን ሬዲዮዎች ደግሞ 7 ቮልት ገደማ ኔጋቲቭ ሊያሳይ ይገባል። ወደ ፖዘቲቭ ከወጣ፣ ግማሽ ቮልትም ቢሆን፣ ሬዲዮውን አጥፍተው ኢኤል84ን ያውጡና እንደገና አብርተው ይለኩ። ቫልቩ ወጥቶም ፖዘቲቩ ካለ ጥፋቱ የካፓሲተሯ ነው፤ ከጠፋ ጥፋቱ የቫልቩ የራሱ ነው፣ ውስጡ ጋዝ ገብቶበታል። ያለ ኢኤል84 ሌሎቹ ቮልቴጆች ከፍ ስለሚሉ ይህን ፈተና ከአንድ ደቂቃ በላይ አያቆዩት።

ሁለተኛው መለኪያ እግር 3 (ካቶዱ) ላይ ነው። የካቶዱ ሬዚስተር 150 ኦም ሆኖ 7 ቮልት ካሳየ 47 ሚሊአምፔር ገደማ እያለፈ ነው፤ ይህ ጤነኛ ነው። 12 ቮልት ካሳየ 80 ሚሊአምፔር ነው፤ የስክሪኑ (የሁለተኛው ግሪድ) ድርሻ ተቀንሶ አኖዱ ከ16 ዋት በላይ ያቃጥላል፣ የተፈቀደለት ግን 12 ብቻ ነው። ሬዚስተሩ ራሱ ተጠብሶ ዋጋው ተዛብቶ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው በኦም ይለኩት።

አንድ ሰው የአባቱን ሬዲዮ ሲያመጣልኝ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ሦስት «የተቃጠሉ» ኢኤል84 አብሮ አምጥቶ ነበር፤ ሦስቱም በአንድ ዓመት ውስጥ የተቀየሩ ናቸው። በሌላ ሬዲዮ ብሞክራቸው ሁለቱ አሁንም ይሠራሉ። ካፓሲተሯ ግን ከፋብሪካ እንደወጣች፣ ሰሟ ቀልጦ ሻሲው ላይ ተንጠባጥቦ፣ ማንም ሳይነካት ተቀምጣለች። በሌላ ሬዲዮ ላይ ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረው ጠጋኝ ካፓሲተሯን ቀይሯት ነበር፤ የበየደው ግን 50 ቮልት የሚል የሴራሚክ ካፓሲተር ነው። የሰው ንብረት ላይ እንዲህ መሥራት ነውር ነው። ያ ሬዲዮ ሲደርሰኝ የድምፅ ትራንስፎርመሩ ሽቦ ተበጥሶ ነበር፤ አኖዱ ቮልቴጅ ሲያጣ ጅረቱ ሁሉ በስክሪኑ ስለሚያልፍ ድምፅ የለም፣ በቫልቩ ውስጥ ግን የስክሪኑ ቀጭን ሽቦዎች ቀልተው ይታያሉ። ይህን ምልክት ካዩ ወዲያውኑ ያጥፉ።

መፍትሄው ካፓሲተሯን በተመሳሳይ ዋጋ፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 22 ናኖፋራድ፣ 630 ቮልት በሚል የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር መተካት ነው። የካቶዱን ሬዚስተርና ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩንም አብረው ይቀይሩ። አዲሱን ቫልቭ የሚሰኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም እግር 2 እና እግር 3 ዳግም ተለክተው።

ሬክቲፋየሩ ውስጥ ብልጭታ ይታያል፤ ወይም ትራንስፎርመሩ ከልክ በላይ ይሞቃል

ጉምጉምታ ለማጥፋት ብለው 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የሚያስገቡ አሉ። ሬክቲፋየሩ ኢዜድ80፣ ማለትም ተለዋዋጩን ጅረት ቀጥተኛ የሚያደርገው ቫልቭ፣ በውፅዓቱ ላይ የሚችለው 50 ማይክሮፋራድ ብቻ ስለሆነ በውስጡ ብልጭ ብሎ ይሞታል። ኢዜድ81 በቦታው ይገባል፤ ነገር ግን ፊላመንቱ በ0.6 ፈንታ 1 አምፔር ስለሚጠጣ አሮጌው ትራንስፎርመር ይሠቃያል። በሲሊከን ዳዮድ መተካትም ይቻላል፤ ዋናው ቮልቴጅ ግን ከፍ ይላል፣ ቫልቮቹ ሳይሞቁም በቅጽበት ይደርሳል። ስለዚህ ተከታታይ ሬዚስተር አስገብቼ ቮልቴጁን ወደ ነበረበት ካላወረድኩ በቀር ይህን አላደርገውም።

አምፕሊፋየር ላይ የድምፁ ኃይል ቀነሰ፣ ወይም አዲሱ ቫልቭ ጨርሶ አይበራም

ኢሲሲ83 የማጉላት አቅሙ 100፣ ኢሲሲ81 60፣ ኢሲሲ82 ደግሞ 17 ያህል ነው። ሦስቱም በአንድ ሶኬት ይገባሉ፤ ስለገቡ ግን እኩል አይደሉም። የሶቭየት ኅብረቱ 6ኤን2ፒ በባሕርዩ ለኢሲሲ83 ቅርብ ቢሆንም ፊላመንቱ በእግር 4 እና 5 ላይ 6.3 ቮልት ስለሚፈልግ፣ 4 እና 5 ተጋጥመው ከ9 ጋር በሚመገቡበት ሶኬት አይበራም፤ የሶኬቱ ሽቦ መቀየር አለበት። የመጨረሻዎቹን ቫልቮች በጥንድ ይቀይሩ፣ ባያሳቸውን (የግሪዳቸውን ኔጋቲቭ ቮልቴጅ) ያስተካክሉ፣ ስፒከር ሳይገናኝም አያብሩ።

በመስታወቱ ውስጥ ያለው ብርማ ቅብ ወደ ነጭነት የተለወጠበት ቫልቭ አየር ገብቶበታል፤ ይጣል። ጣቢያው በትክክል መያዙን የሚያሳየው አረንጓዴ ዓይኑ የደበዘዘ ኢኤም80 አርጅቷል፤ ድምፁን ግን አይነካም። አጭር ሞገድ ላይ ብቻ ዝም የሚል ሬዲዮ ኢሲኤች81 ደክሞበት ሊሆን ይችላል።

ኤፍኤም ይሠራል፤ ሸገርን ግን አይዝም

ለዚህ ምክንያት የኤፍኤሙን ቫልቭ ኢሲሲ85ን ሁለት ጊዜ የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ቫልቮቹ ሁሉ ጤነኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠሩት የጀርመን ሬዲዮዎች የኤፍኤም መስመራቸው 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃል። ኤፍኤም አዲስ 97.1 ስለሆነ ይሰማል፤ ሸገር ግን 102.1 ነው። የኦሲሌተሩን ትሪመር (መስመሩን የሚወስነውን ትንሽ ማስተካከያ) በጥቂቱ በማዞር መስመሩን ወደ ላይ መግፋት ይቻላል፤ በምትኩ ከታች ያሉት ጣቢያዎች ይጠፋሉ፣ የመስታወቱ ቁጥሮችም ይዛባሉ። ከማዞርዎ በፊት ትሪመሩ የነበረበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።