ለሱቄ ኤአይ ገዝቼ የተሳሳትኳቸው ነገሮች፣ እናንተ እንዳትደግሟቸው

ደሴ ላይ ትንሽ የህንፃ መሳሪያ ሱቅ አለችኝ፣ ቆርቆሮ ሚስማር ቀለም ምናምን። አምና አንድ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣና "ጋሼ ይሄ ኤአይ ቴሌግራም ላይ ደንበኛ ያስተናግድልዎታል፣ አይተኛ አይበላ፣ ሽያጭዎን እጥፍ ያደርገዋል" አለኝ። አራት ወር ከፈልኩ። አሁን ነጋዴ ጓደኞቼ ልግዛ አልግዛ እያሉ ስለሚደውሉልኝ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ትልቁ ስህተቴ ዴሞ፣ ማለትም ሻጩ ራሱ የሚያሳየውን ሙከራ፣ አይቼ መግዛቴ ነው። ዴሞ ላይ እኮ ጥያቄውን የሚጽፈው ሻጩ ራሱ ነው፣ ፊደል ሳይሳሳት አሳምሮ፣ መልሱም ቅልጥፍ ብሎ ይመጣል፣ ማሽአላህ ትላላችሁ። የኔ ደንበኛ ግን እንደዛ አይጽፍም፣ አንዱ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይሞነጭረዋል፣ አንዱ ቮይስ ይልካል፣ ሌላው የቆርቆሮ ፎቶ ልኮ ዝም ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው "ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ብመጣ አላችሁ?" ብሎ ጻፈ። ቦቱ፣ ማለትም ያ መልስ ሰጪው ኤአይ፣ ምን ቢለው ጥሩ ነው፦ "ይቅርታ፣ በዚያ ሰዓት ዝግ ነን፣ የምንከፍተው 8 ሰዓት ላይ ነው።" ለካ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ 3 ሰዓት ለሱ ሌሊት ዘጠኝ ነው! ሰውየው 8 ሲባል ከምሳ በኋላ መስሎት ጎረቤቴ ጋ ገብቶ 20 ቆርቆሮ ገዝቶ ሄደ። ስለዚ ሻጩ ሲመጣ ካለፈው ሳምንት የመጣላችሁን 30 መልእክት እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ ስጡትና ስንቱን በትክክል እንደመለሰ ቁጠሩ። እምቢ ካለ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ።

ሌላው ሳይቆጥሩ መግዛት። "እጥፍ ያደርጋል" ሲለኝ የምን እጥፍ ብዬ አልጠየቅኩም፣ በቴሌግራም በኩል በወር ስንት እንደምሸጥ እኔም አላውቅም ነበር። ኋላ ስቆጥረው አብዛኛው ጥያቄ "ስንት ነው" እና "የት ናችሁ" ነው። ለሱ ቻናሉ ላይ ዋጋና አድራሻ ፒን ማድረግ ይበቃ ነበር፣ በነፃ።

ዋጋውንም በብር ብቻ አታስቡ። ሻጩ ብር ቢቀበላችሁም ከጀርባው ያለው ሞዴል፣ ማለትም መልሱን የሚያዘጋጀው የኤአይ ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በዶላር ነው። ለምሳሌ ቻትጂፒቲ ፕላስ የሚባለው የሚከፈልበት ኤአይ በወር 20 ዶላር ነው፣ ዶላር 57 ብር ገደማ እያለ 1,140 ብር ነበር፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ዶላሩ መቶን ስላለፈ ያው 20 ዶላር ከ2,000 ብር በላይ ሆነ። ደሞ ሂሳቡ በቶክን፣ ማለትም ኤአይው ጽሁፉን በሚቆራርጥበት ቁራጭ ብዛት፣ ከሆነ እነዚ ነገሮች ጽሁፉን የሚቆራርጡት ባብዛኛው በእንግሊዝኛ በለመዱት መንገድ ስለሆነ አማርኛችን ብዙ ቶክን ይበላል። የወሎን ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ልጁ ከብቱ ዝናቡ ደህና መሆኑ ሳይጠየቅ ወደ ቆርቆሮ አይገባም።

"ከተሳሳተ ጥፋቱ የማሽኑ ነው" ማለትም አያዋጣም። አንድ ቀን አንድ ሀጂ ከባቲ መጡና ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ፣ ቦቱ "ወደ ባቲ በነፃ እናደርሳለን" ብሏቸዋል። እኔ እንደዛ ብዬ አላውቅም፣ ማንም እንዲል አልነገረውም፣ ከራሱ ፈጥሮ ነው። "ማሽን ነው እኮ ሀጂ" ስላቸው "ልጄ፣ እኔ ማሽን አላናገርኩም፣ ያንተን ሱቅ ነው ያናገርኩት" አሉኝ። ምን ይባላል፣ የአይሱዙውን ከፈልኩ። ኤር ካናዳም ይሄው ደርሶበታል፣ ቻትቦቱ አያቱ ለሞተችበት መንገደኛ የሀዘን ቅናሽ ከጉዞው በኋላም መጠየቅ ትችላለህ አለው፣ ድርጅቱ ኋላ እምቢ አለና ጭራሽ ቻትቦቱ ለራሱ ኃላፊ ነው ብሎ ተከራከረ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምትባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር ዳኝነት ግን በፈረንጆቹ 2024 ሳይቀበለው 812 የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰነበት። እነሱ ያላመለጡትን እኔ ላመልጥ ነው?

ሰራተኛ ለመቀነስም አትቸኩሉ። መልእክት የምትመልስልኝን ልጅ ስቶር ቆጠራ ላይ አዛወርኳት፣ ወሩ ሳይሞላ ማታ ማታ የቦቱን ስህተት ስታርም ታመሽ ጀመር፣ ማለትም ለአንድ ስራ ሁለት ደሞዝ። የስዊድኑ የክፍያ ድርጅት ክላርና እንኳን በፈረንጆቹ 2024 ቻትቦታችን የ700 ሰው ስራ ይሰራል ብሎ ካወራ በኋላ በ2025 ጥራቱ ወርዷል ብሎ ሰው መቅጠር ጀምሯል።

"ኤአይ" የተባለ ሁሉ ኤአይ አለመሆኑን በአጭሩ ልበል። በመጋቢት 2024 በፈረንጅ፣ የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ሁለት የኢንቨስትመንት ድርጅቶችን በኤአይ አጠቃቀማቸው ላይ የሌለ ነገር አውርታችኋል ብሎ በድምሩ 400,000 ዶላር አስከፍሏቸዋል። እኛ ጋ ደሞ የኤክሴል ቀመር "ስማርት" ተብሎ ይሸጣል።

ሙሉ በሙሉ ጠልቼዋለሁ ማለት አይደለም፣ የቀለም ጣሳ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ለማስተርጎምና ለፕሮፎርማ ደብዳቤ እጠቀመዋለሁ፣ አንብቤ አርሜ። ቦቱን ግን አጠፋሁት። ልጅቷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ ቻናሉ ላይ "ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ክፍት ነን፣ ትራንስፖርት በገዢው" የሚል ፒን ተደርጓል። ሀጂ ብቻ አሁንም በመጡ ቁጥር "ያ በነፃ የሚልከው ልጅ የት ሄደ?" ይሉኛል።