የመንደራችሁን ታሪክ ስትሰበስቡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ጅማ አጠገብ ያለው ጅሬን ሲባል እንግዳ ሰው የሚያስበው የጅማውን ንጉሥ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ነው። ኮረብታው ላይ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ወደ ጅማ ይመለሳል። ዙሪያውን ያለው መንደርም የራሱ ታሪክ አለው። ያንን ለመሰብሰብ ከጓደኞቼ ጋር ስንነሳ ብዙ ተሳስተናል።

ከሁሉ የከፋው የሽማግሌዎችን ቃል ከመቅዳት ይልቅ የመንደሩን በዓል ማስቀደማችን ነው። ለድንኳን፣ ለማይክ፣ ለቲሸርት ስንሯሯጥ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናትን «ከበዓሉ በኋላ እንቀዳቸዋለን» ብለን አቆየናቸው። በዓሉ ሳይደርስ አረፉ። አፈሩን ከየት እንደሚያመጡ፣ ጀበናውን በምን እንደሚተኩሱ የጠየቃቸው አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መጀመሪያ ቅዱ፣ ድግሱ ይደርሳል።

ሁለተኛው ንጉሡን ብቻ መመዝገብ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ለመገበር ተስማምተው አገራቸውን ከጦርነት ማዳናቸው ይነገር፣ ይገባቸዋል። ግን የቤተ መንግሥቱን እንጨት የጠረበው ማን ነው? በርጩማውን የፈለፈለውስ? ደግሞ የሚያሳፍረውን አትዝለሉ። በዚያ ዘመን በጅማ ገበያ ቡናና አሞሌ ጨው ብቻ አልነበረም የሚሸጠው፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። የተሸጡት ሰዎች ታሪክም የመንደሩ ታሪክ ነው።

የዓመት አቆጣጠር ብዙ ሰው ያሳስታል። አባ ጅፋር ያረፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ነው። ይህንኑ ቁጥር «ዓ.ም.» ብላችሁ ከጻፋችሁት ጣሊያን ከገባ በኋላ ሞቱ ማለት ይሆናል። ጣሊያን የቆየው በእኛ ከ1928 እስከ 1933 ነዋ! አዛውንቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ በቁጥር አያወሩም። «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ» ካሉ ቃላቸውን እንዳለ ጻፉት፤ ግምታችሁን ለብቻው አስቀምጡ።

ቋንቋውንም አትጣሉት። በኦሮምኛ የተነገረውን በአማርኛ ጽፎ ድምፁን ማጥፋት ትልቅ ኪሳራ ነው። አንዱ ልጅ «አባ ጅፋር» ውስጥ ያለውን «አባ» የመነኩሴ ማዕረግ አድርጎ ጽፎት ነበር፣ ንጉሡ ሙስሊም ሆነው ሳለ! «አባ ጅፋር» የፈረስ ስም ነው፣ ሰው በፈረሱ የሚጠራበት፤ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደሚባሉት።

የቀረው ቀላል ነው። ሳታስፈቅዱ አትቅዱ። የቀዳችሁትን አንድ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባዋል። የድሮ በርጩማ ስታገኙ ጥላሸቱን አጥባችሁ ቫርኒሽ አትቀቡት። ከአሮጌ ፎቶ ጀርባ ስም ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፍና ምስሉን ያበላሸዋል።