ማሳከክ አላስተኛ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ፋርማሲ ገብቶ «ያሳክከኛል፣ ቅባት ስጡኝ» ማለት ቀላል ነው። ግን የቱን ይስጡ? የእከክ መድኃኒት ለድርቀት አይሠራም። ለአለርጂ የሚሰጠው ቅባት ደግሞ ጭርትን ያባብሰዋል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሦስት ነገር ይዩ፦ መቼ ይብሳል? የት የት ነው? ቤት ውስጥ ሌላስ የሚያሳክከው ሰው አለ?

ሌሊት ይብሳል፣ ሌላም ሰው ያሳክከዋል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው እከክ ነው። በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተባይ ቆዳ ውስጥ ገብታ እንቁላል ትጥላለች። የምትወደው የጣት መሃል፣ የእጅ አንጓ፣ ብብት፣ ወገብ፣ እምብርትና ብልት አካባቢ ነው። ሕፃናት ላይ መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ጭንቅላትም አይቀራትም። የጣቶችዎን መሃል ብርሃን ላይ አስጠግተው ይዩ። እንደ ክር የቀጠነ፣ ጠመም ጠመም ያለ ግራጫ መስመር ካለ መንገዷ እሱ ነው።

የሚያዘው በመነካካትና አብሮ በመተኛት ስለሆነ ማፈር አያስፈልግም። ሰው በተጨናነቀበት ቶሎ ይዛመታል፤ በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ አማራ ክልል ውስጥ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር።

መድኃኒቱ ፐርሜትሪን 5% ክሬም ወይም ቤንዚል ቤንዞኤት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቀባቡ ላይ ነው። የሚያሳክከው ቦታ ብቻ አይበቃም። ከአንገት በታች እስከ እግር ጣት ድረስ፣ ጥፍር ሥርና እምብርት ሳይቀር ይቀባል። ፐርሜትሪን ማታ ተቀብተው ከ8 እስከ 14 ሰዓት ያህል ካቆዩት በኋላ ይታጠባሉ። በመሃል እጅዎን ከታጠቡ እጅዎን መልሰው ይቀቡ። በሳምንቱ ይደገማል። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ግን ባለሙያ ይምረጥ።

ደግሞም የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ምንም የማይሰማውም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይቀባ። መጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው እስከ 6 ሳምንት ላያሳክከው ይችላል። አንዱ ብቻ ከታከመ ሌላው መልሶ ያስይዘዋል፤ እከክልኝ ልከክልህ እየተባባሉ መክረም ነው። አንሶላና ልብሱን በሙቅ ውሃ ይጠቡ። የማይታጠበውን ፌስታል ውስጥ አስረው ለሳምንት ያስቀምጡ።

ከታከሙም በኋላ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ማሳከኩ ሊቆይ ይችላል። «አልሠራም» ብለው በየቀኑ አይቀቡት፤ ቆዳዎን ያስቆጡታል።

ሽፍታ የለም፣ ቆዳው ግን ሻክሯል

ድርቀት ነው። በተለይ በጋ ላይ፣ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ቅልጥም ላይ ይበረታል። የሚፋጅ ሻወርና ብዙ ሳሙና የቆዳውን ወዝ ጠርገው ይወስዱታል። ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጥበው ይውጡ፤ ቆዳው እርጥበቱን ሳይጨርስ ቫዝሊን ይቀቡ። ሽቶ ያለው ውድ ሎሽን ከተራው ቫዝሊን ይበልጣል ብዬ አላምንም፤ እንዲያውም ሽቶው ራሱ ሊያሳክክ ይችላል።

ክብ፣ ጠርዙ ቀላ ብሎ መሃሉ የጠራ

ጭርት ነው፤ ፈንገስ ማለት ነው። ክሎትሪማዞል በቀን ሁለቴ ይቀባል። ምልክቱ ከጠፋም በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ይቀጥሉ። ለአለርጂ የሚሰጠውን፣ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበትን ቅባት ግን ጎረቤት «እኔን አድኖኛል» ስላለ አይንኩት። ማሳከኩ ለጊዜው ዝም ይላል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል፣ መልኩም ይቀየርና ሐኪሙን ያሳስተዋል።

ቁርጭምጭሚት ላይ ከሆነ ቁንጫን፣ ጠዋት ሲነሱ ተርታ ተርታ የወጣ ከሆነ ትኋንን ይጠርጥሩ። እዚህ ላይ መታከም ያለበት ፍራሹና ወለሉ ነው። ሰውነት ላይ ጋዝ፣ በረኪና ወይም ፀረ ተባይ ማፍሰስ የለም።

ለዛሬ ሌሊት

ማከክ ለአፍታ ያስታግሳል፤ ቆዳው ሲቆጣ ግን ማሳከኩ ብሶ ይመለሳል። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያድርጉበት፣ ወይም በመዳፍ ጫን ይበሉት። ጥፍርዎን ያሳጥሩ። ሴትሪዚን የሚባለው የሚዋጥ የአለርጂ መድኃኒት እብጥ እብጥ እያለ ለሚጠፋ የአለርጂ ሽፍታ ጥሩ ነው፤ ለድርቀት ብዙም አይረዳም።

ሐኪም ጋ መቼ?

ሽፍታ ሳይኖር መላ ሰውነት ለሳምንታት ካሳከከ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) እና ደም ይመርመሩ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ክብደት ከቀነሰና ሌሊት ካላበ ነገ ዛሬ አይበሉ። ነፍሰ ጡር መዳፏና ውስጥ እግሯ ካሳከካት የጉበት ችግር ሊሆን ስለሚችልና ለፅንሱም ስለሚያሰጋ በዚያው ቀን ትታይ። ከማሳከኩ ጋር ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።