ሊኑክስ ተጭኖ የማይነሳ አሮጌ የቤት ማከማቻ፦ መፍትሔው 128 ባይት ነበር

አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ሌላው ሰው በግማሽ ሰዓት ይገላገለው።

በአርም ፕሮሰሰር በሚሠራ አሮጌ የኔትወርክ ማከማቻ ላይ ደቢያንን (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) ጫንሁ። ጭነቱ ያለ ስሕተት አለቀ። ዳግም ሲነሳ ግን ሰማያዊው መብራት ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ኔትወርኩ ላይ ጭራሽ አይታይም። ሃርድ ዲስክ ቀየርሁ፣ ሁለት ጊዜ እንደገና ጫንሁ፣ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ዩቡት (መሣሪያው ሲበራ ሊኑክስን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም) በሚያነበው ቅርጽ ደግሜ አዘጋጀሁ። ምንም ለውጥ የለም።

መንገዱን ያሳየኝ የሲሪያል ገመድ ነው፤ መሣሪያው ሲነሳ የሚጽፈውን መልእክት ላፕቶፕ ላይ ያሳያል። ባለ 3.3 ቮልቱን ይግዙ፤ ቀዩን የኃይል ሽቦ ፈጽሞ አያገናኙ፣ ቀሪዎቹ ሦስት ሽቦዎች ይበቃሉ። በሴኮንድ 115200 ቢት ፍጥነት ስከፍተው ዩቡት የቡት ክፍልፋዩን (ከርነሉ ያለበትን የዲስክ ክፍል) ማንበብ እንዳቃተው ይናገራል። ያው ክፍልፋይ፣ ፋይል ሥርዓቱ ኢኤክስቲ2 የሆነው፣ ላፕቶፔ ላይ በደንብ ይነበባል። ልዩነቱ የኢኖዱ (ፋይል ሥርዓቱ ስለ እያንዳንዱ ፋይል መረጃ የሚይዝበት መዝገብ) መጠን ነበር፦ የዛሬ መሣሪያዎች 256 ባይት ያደርጉታል፤ ያ አሮጌ ዩቡት የሚያውቀው 128 ብቻ ነው።

ፋይሎቹን ሌላ ቦታ ገልብጬ ክፍልፋዩን ፎርማት በሚያደርገው በኤምኬኢ2ኤፍኤስ ፕሮግራም፣ በትልቁ የ«አይ» ፊደል 128 ብዬ (mke2fs -I 128) እንደገና ፎርማት አደረግሁት (ትንሹ «አይ» ሌላ ትእዛዝ ነው)። ፋይሎቹን መለስሁ። የክፍልፋዩ መለያ ቁጥር (UUID) ስለሚቀየር ኤፍኤስታብ (ሊኑክስ ሲነሳ የሚከፍታቸው ክፍልፋዮች ዝርዝር ፋይል) ውስጥ አዲሱን መጻፍ አይርሱ።

መብራቱ ረጋ፤ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከሌላ ኮምፒውተር መግቢያው) ገባሁ።