ሱሺ ባንኮኒ ላይ ሲቀመጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቶኪዮ ውስጥ ስምንት ወይም አሥር ሰው ብቻ የሚያስቀምጡ ትንንሽ ሱሺ ቤቶች አሉ። ሼፉ ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ አንድ በአንድ እየሠራ ፊትዎ ያስቀምጣል። ምርጫውን ለእሱ ከተዉለት ኦማካሴ ይባላል። እዚህ ቤት ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው ጊዜን ባለማክበር ነው።

ከሁሉም የሚከፋው የቀረበውን ማቆየት ነው። ኒጊሪ ማለት በእጅ ተቀርጾ ላዩ ላይ ብዙ ጊዜ ዓሣ የሚደረግበት የሩዝ ጉርሻ ነው፤ ሩዙም የሰው ገላ ያህል ለብ ያለ ነው። ሼፉ ሩዙን አጥብቆ አይጨምቀውም፤ አፍ ውስጥ እንዲበተን መሃሉ አየር ይተውለታል። ልብ ብለው ካዩት፣ ጎበዝ ሼፍ የሠራው ኒጊሪ ገና እንደተቀመጠ በራሱ ክብደት ትንሽ ዝቅ ይላል። ወሬ ይዘው ከቆዩ ሩዙ ይቀዘቅዛል፣ ዓሣውም ይደርቃል። ፎቶ ካማረዎት አስፈቅደው አንዴ ያንሱና ወዲያው ይብሉት።

ለሁለት አይቁረጡት። ኒጊሪ አንድ ጉርሻ ነው። ከበዛብዎት «ሩዙን ቀነስ አድርግልኝ» ማለት ነውር የለውም። በእጅ መብላትም ይቻላል፤ ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም።

ሶያ ሶስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በብዙ ቤቶች ሼፉ ራሱ ሶሱን በብሩሽ ቀብቶ ነው የሚያቀርበው። ዓሣው ላዩ ካብረቀረቀ እንዳለ ይጉረሱት። ሶሱ ለብቻው ከቀረበ የዓሣውን ጎን ብቻ ነካ ያድርጉ። ሩዙ ከተነከረ ይፈርሳል፣ ጨውም ይበዛበታል። ዋሳቢው (የሚያቃጥለው አረንጓዴ ማጣፈጫ) አብዛኛውን ጊዜ ከዓሣው ሥር ተቀብቷል፤ ዝንጅብሉም በጉርሻና በጉርሻ መሃል አፍ ማጽጃ ስለሆነ ሱሺው ላይ አይጫንም።

«ዓሣው ዛሬ የተያዘ ነው?» ብሎ መጠየቅም ጥሩ አይደለም። የቶኪዮ ሱሺ ጥበብ ግማሹ ዓሣውን ማዘጋጀት ላይ ነው። ኮሃዳ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በጨውና በአቼቶ ይታሻል። ቱና ጣዕሙ እንዲጎለብት ቀናት ሊያድር ይችላል። ይልቅ «ዛሬ የሚመክሩን ምንድን ነው?» ይበሉ።

የማይበሉትን ነገር ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ መናገር ሼፉን ያስጨንቃል። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የማይበሉ ከሆነ ይህ በጣም ይመለከትዎታል፤ ሽሪምፕ፣ ስኩዊድ፣ የባሕር ዛጎሎችና አናጎ (እባብ መሰል የባሕር ዓሣ) የተለመዱ ናቸው። ቦታ ሲያስይዙ ይንገሩ። ዓሣው የሚገዛው በተያዘው ወንበር ልክ ስለሆነ፣ በመጨረሻው ሰዓት መሰረዝ ለትንሽ ቤት እውነተኛ ኪሳራ ነው። ማርፈድም ያው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁሉም ተመጋቢ እኩል ይጀምራል።

ሽቶ አይቀቡ። የጎረቤትዎን ምግብ ያበላሻሉ።

ባንኮኒው ብዙ ጊዜ ቫርኒሽ ያልነካው ሂኖኪ የተባለ እንጨት ነው፤ በቀላሉ ይጫራል። ሰዓትና አምባር ያውልቁ፣ ስልክዎንም አይጣሉበት።

ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ አይቀባበሉ። ጃፓኖች አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ የሟቹን አጥንት የሚቀባበሉት እንዲያ ነው።

ሒሳብ ሲከፍሉ ቲፕ አይተዉ፤ ጃፓን ውስጥ አልተለመደም። ሲወጡ «ጎቺሶሳማ ዴሺታ» ብለው ያመስግኑ። ከእርስዎ በኋላ ሌላ ተረኛ ሊኖር ስለሚችል ሻይዎን ጠጥተው ሲጨርሱ ወንበሩን ይልቀቁ።