መጀመሪያ ይስሙ፦ ልጆችን ከአማተር ሬዲዮ ጋር ስናስተዋውቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ያለው ግቢያችን በልጆች ይሞላል። የሚመጡት ሬዲዮ ለመስማት ነው። ዘፈን ወይም ዜና አይደለም የሚሰሙት። በሌላ አገር ያለ አንድ ሰው ከቤቱ ሆኖ፣ በራሱ ሬዲዮ፣ የማያውቀውን ሰው ሲጣራ ነው የሚሰሙት። አማተር ሬዲዮ ይኸው ነው። ሰዎች ፈቃድ አውጥተው፣ ለገንዘብ ሳይሆን ለመማርና ለመዝናናት ብለው በሬዲዮ ይገናኛሉ።

መምህራንና ወላጆች “ልጆቹን እንዴት ላስጀምራቸው?” እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ የተማርኩት ከስህተት ስለሆነ ስህተቶቹን ብነግራችሁ ይሻላል።

ትልቁ ስህተት በሰሌዳ መጀመር ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳ ሰቅዬ የሞገድ ርዝመት ቀመር ጻፍኩ። 300ን ለሜጋኸርዙ፣ ሬዲዮው ላይ ለሚነበበው የሞገድ ቁጥር፣ ማካፈል ነው፤ ውጤቱ በሜትር ይወጣል። ቀመሩ ልክ ነው። ልጆቹ ግን ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ቆይተው ነው የመጡት። በሁለተኛው ቅዳሜ ከዘጠኙ አራቱ ብቻ መጡ።

በሦስተኛው ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ሬዲዮው 7 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ ከጫጫታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። መጥበሻ ላይ እንዳለ ዘይት ይንጫጫል። ድንገት ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ልጆቹ እንደልማዳቸው “ውይ!” አሉ። ሬዲዮው በባትሪ ስለሚሠራ አልጠፋም። ጫጫታው ግን ቀጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። “ፋይቭ ዙሉ ፎር” ይላል፣ ደጋግሞ። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ የአገሮች መለያ የተጻፈበትን ወረቀት አነሳች። በስልኳ መብራት እያየች በጣቷ ወደታች ወረደች። “ኬንያ ነው! ኬንያ!” ብላ ጮኸች።

ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ ለምን ጠራ? ምክንያቱም የኤል ኢ ዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የቲቪው መሣሪያ ሁሉ ሬዲዮው የሚለቅመውን ጫጫታ ይረጫሉ። ድምፁስ ያን ሁሉ ተራራ እንዴት ተሻገረ? ከናይሮቢ ቢሆን እንኳ በቀጥታ መስመር ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከላያችን አዮኖስፌር የሚባል የከባቢ አየር ክፍል አለ፤ አጭር ሞገድን እያጠፈ ወደ ምድር ይመልሳል። ቀመሩንም ያን ማታ ራሳቸው ጠየቁኝ። 300ን ለ7 አካፈልን፤ 43 ገደማ መጣ። አንዱ ልጅ “አያቴ ሬዲዮ ላይ የሚሰሙት ‘25 ሜትር ባንድ’ የሚባለው ይሄ ነው እንዴ?” አለ። አዎ፣ ሜትሩ እሱው ነው፤ የሚለየው ቁጥሩ ነው። ያ ልጅ አያቱ የሚያውቁት ነገር ውስጥ ሳይንስ እንዳለ ያወቀው በዚያች ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይስሙ። ቀመሩ ጥያቄውን ተከትሎ ይምጣ።

የአያትን ሬዲዮ ካነሳን አይቀር፣ አንድ ቀላል ግን ብዙ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጥ ስህተት አለ። ተራ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይዞ አማተሮችን ለመስማት መሞከር። አማተሮች በአጭር ሞገድ ሲነጋገሩ በአብዛኛው ኤስ ኤስ ቢ የሚባለውን የአላላክ ዘዴ ይጠቀማሉ። በተራው ሬዲዮ ሲሰማ የዳክዬ ጩኸት ይመስላል፤ ቃል አይለይም። ሬዲዮ ከመግዛታችሁ በፊት ኤስ ኤስ ቢ እንዳለው ጠይቁ።

ገንዘብ ከሌለ ደግሞ አትግዙ። ስልክን እንደ ጠላት ማየት ሌላው ስህተት ነው። “ይህ ከስልክ ይበልጣል” ብላችሁ ከልጅ ጋር ክርክር አትግጠሙ፤ ትሸነፋላችሁ። ስልኩን መሣሪያ አድርጉት። ኔዘርላንድ የሚገኘው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ማንም ሰው በነጻ የሚያንቀሳቅሰው የአጭር ሞገድ መቀበያ አለው። ልጁ ስልኩ ላይ ሆኖ ሞገዱን በጣቱ እየጎተተ ይፈልጋል።

እኔ በጣም የምወደው ግን ዲሹን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ላይ የኳታር ሳተላይት የሆነው ኤስሃይል-2 ወደ ሰማይ ተላከ። ለአማተሮች የሚያገለግል ማስተላለፊያ ተሸክሟል፤ በአንድ ቦታ ቆሞ ከሚታይ ሳተላይት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲጫን የመጀመሪያው ነው። 26 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከሐዋሳ ሲታይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ተራ የቲቪ ዲሽ ከነኤል ኤን ቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ካለችው መቀበያ ጋር)፣ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ ብትጨመርበት ከአውሮፓ እስከ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል። ለኤል ኤን ቢው ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ነገር እንደሚያስፈልግ ብቻ አትርሱ። ዲሽ ማስተካከል የሚችል ጎረምሳ ደግሞ በየሰፈሩ አለ። እሱን ጥሩት፤ ለልጆቹ መምህር ይሁን።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። ለልጅ ዎኪ ቶኪ ሰጥቶ “ተጫን፣ ተናገር” ማለት ከባድ ስህተት ነው። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ። ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ አይቻልም። ርካሾቹ የእጅ ሬዲዮዎች ከአማተር ሞገድ ውጭ ባሉ ብዙ ሞገዶች ላይም ያስተላልፋሉ። ልጁ ሳያውቅ አንዷን ቁልፍ ቢጫን የጸጥታ ወይም የድንገተኛ ጊዜ መስመር ላይ ሊገባ ይችላል። እኛ ግቢ ያለው ደንብ አንድ ነው፤ እንሰማለን፣ አናስተላልፍም። ማስተላለፍ የፈለገ ልጅ ፈቃድ ያለው ሰውና ጣቢያ ዘንድ መሄድ አለበት። በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ጣቢያ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ነው፤ አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ። የጥሪ ምልክቱ፣ በሬዲዮ ላይ የሚታወቅበት መለያ፣ ኢ ቲ ስሪ ኤ ኤ ይባላል። ልጆቹ ይህን “ኤኮ ታንጎ ስሪ አልፋ አልፋ” ብለው ማንበብ ሲችሉ ደስ ይላቸዋል።

የፊደል አጠራሩን ነገር፣ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ቃል መጥራቱን፣ ካነሳሁ፣ እሱን ፈተና አታድርጉት። እንግሊዝኛ የሚፈራ ልጅ ወዲያው ይሸማቀቃል። ከስሙ ይጀምር። ሰላም የምትባል ልጅ “ሲየራ፣ ኤኮ፣ ሊማ፣ አልፋ፣ ማይክ” ብላ ስሟን ስትጠራ ሌሎቹም ተራ ይሻማሉ። ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚያስተላልፈው ሞርስም እንደዚሁ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፉ ደንብ ሞርስን ግዴታ አላደረገም። አታስገድዷቸው፤ ግን አትደብቁባቸውም። የሚስጥር ቋንቋ የማይወድ ልጅ አላየሁም።

ሰዓት ላይ ደግሞ እኛ ብቻ የምንሠራው ስህተት አለ። አማተሮች ማንን መቼ እንደሰሙ መዝገብ የሚይዙት በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። እኛ ጋ ሦስት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር አለ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ስልኩ ላይ 19:30፣ መዝገቡ ላይ 16:30። ይህን መጀመሪያ ቀን ካላስረዳችሁ ልጁ የጠበቀው ነገር ሁሉ ያመልጠዋል። አንዴ የዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ ማለፊያ ሰዓት አሳስተን ባዶ ሰማይ ላይ አንጋጠን ቀርተናል።

ስለ ጠፈር ጣቢያው አትዋሹ። “ከጠፈርተኛ ጋር ታወራለህ” ማለት ቀላል ነው። እውነቱን ንገሯቸው። ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ ይዞራል፤ ከእኛ በላይ ሲያልፍ ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው የሚሰማው። ትምህርት ቤቶች ከጠፈርተኞች ጋር የሚያወሩት ቀድመው አመልክተው፣ በቀጠሮ ነው። በሌላ ጊዜ በ145.825 ሜጋኸርዝ ላይ ከዚያ የሚመጣ አጭር የዳታ ድምፅ፣ ጭርር የሚል ነገር ሊሰማ ይችላል። እውነቱን ለተነገረው ልጅ እሷም ትበቃዋለች።

አዋቂዎች እጃችንን እንሰብስብ። መቃኛውን ይዘን ለብቻችን የምንደሰት ብዙ ነን። ልጁ ይሳት፤ ይለፈው፤ ተመልሶ ይፈልገው። ሴት ልጆቹ ላይ ደግሞ ልዩ ዓይን ይኑራችሁ። ሳናስበው ወንዶቹ መቃኛውን ይይዛሉ፣ ሴቶቹ “ጽሑፍሽ ያምራል” ተብለው መዝገብ ጸሐፊ ይሆናሉ። እኛ ጋም ሆኖ ነበር። አሁን በየ15 ደቂቃው ቦታ ይቀያየራሉ። ኬንያን ያገኘችው ልጅ አሁን ከሁላችንም ቀድማ ደካማ ድምፅ ትለያለች።

አንቴና ከመስቀላችሁ በፊት ለወላጅ፣ ለጎረቤትና ለቀበሌ ንገሩ። ጣራ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ጥያቄ ያስነሳል፤ ቢያስነሳም አይፈረድም። ጎረቤትን ጠርታችሁ ብታሰሙት ይበቃል። የእኛ ጎረቤት ጋሼ አሁን ማታ ማታ “ዛሬ ማንን ያዛችሁ?” ይሉናል።

ሽቦው ራሱ ርካሽ ነው። ለ7 ሜጋኸርዝ በግራና በቀኝ 10 ሜትር፣ በሲባጎ ከዛፍ ዛፍ። ግን ከኤሌክትሪክ መስመር በታችም በላይም፣ አጠገቡም አይዘርጋ። ቢበጠስ የት እንደሚወድቅ ቀድማችሁ አስሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ መብረቅ አለ። ሰማዩ በታቦር ተራራ በኩል ሲጠቁር ኬብሉን ከሬዲዮው ነቅሎ ከቤት ውጭ የሚያደርግ ተረኛ ልጅ አለን። ስሙ ከመዝገቡ አናት ላይ በየሳምንቱ ይጻፋል።