ድንኳን ስትተክሉ እነዚህ ስህተቶች እንዳያጋጥሟችሁ

መጀመሪያ ቦታውን በደንብ እዩ፣ ሳይመሽ። ጎድጎድ ያለ መሬት ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይቋጥራል፤ ትንሽ ከፍ ያለውን ምረጡ። የደረቀ ወንዝ ውስጥማ በጭራሽ! ሩቅ ቦታ ዘንቦ፣ እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ቀና ብላችሁም የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን አረጋግጡ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ከሥር በሚነጠፈው ሸራ ነው። ከድንኳኑ ወለል ተርፎ ከወጣ፣ ጠርዙ ዝናቡን ተቀብሎ ቀጥታ ወደ መኝታችሁ ሥር ያስገባዋል፤ ስለዚህ ትርፉን ወደ ታች እጠፉት። ካስማውን ደግሞ አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ እንዲያጋድል አድርጋችሁ ምቱት።

ብርድ ቢያስቸግራችሁም ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አታቀጣጥሉ፣ እባካችሁ። ከእነሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ በእንቅልፍ ላይ እያላችሁ ይገድላል።